«አይዞሽ» አትበሏት

በአማርኛችን ውስጥ «አይዞሽ»ን የመሰለ ደግ ቃል ስንት አለ? ምጥ ለያዛት እንለዋለን። ባሏ ለሞተባት፣ ፈተና ለወደቀች፣ መርፌ ለምትወጋ ሕፃን እንለዋለን። ከእንጦጦ ቁልቁል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ስናይ፣ ሸክሙን ባናግዛቸውም፣ «አይዞዎት እናቴ» ሳንል አናልፍም። ቃሉ ደግ የሚሆነው ግን የሆነ ነገር ለሆነ ሰው ሲባል ነው። ምንም ላልሆነ ሰው «አይዞሽ» ማለት መርዶ ነው፤ «አንቺ ሳታውቂው አንድ ነገር ሆነሻል» ማለት ነው። አንዲት የልብ ሐኪም ደረት ከፍታ በምትሠራበት ሰዓት በር ላይ ቆሞ «አይዞሽ!» እያለ የሚጮህ ሰው ቢገኝ ዘበኛ ጠርተን እናስወጣው ነበር። ዘፋኝ ላይ ሲሆን ግን አብረነው እንጮሃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አየር ጤና፣ አንድ ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የራሷን ግጥምና ዜማ በጊታር የምትጫወት ወጣት ልሰማ ሄድኩ። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ ሌላውም ሆቴል ያው ነው። የልጅቷንም ስም አልጽፍም። አልበም የላትም፣ ሬዲዮ አያውቃትም፤ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ በእኔ ንትርክ መሀል እንዲሆን አልሻም። የጋበዘኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚወዱት ዓይነት ናት» አለኝ በስልክ። «እኔ የምወደው ዓይነት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብለው «የማይሰማ» ብሎ ሳቀ።

አየር ጤናን ለማያውቅ አንባቢ፦ የባቡሩ ሐዲድ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ተስፋው ታክሲ ነው። የጅማው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል፤ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፣ «ካራ ቆሬ! ዓለም ባንክ! ቤቴል!» የሚለው ረዳት፣ የጫማ መደብሩ በር ላይ ቁጭ ያለው የሰው ቁመት የሚያህል ድምፅ ማጉያ፣ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው የተቀዳ ድምፅ፣ ሎተሪ የሚያዞረው መኪና፣ ሰባኪው፣ የብሎኬት ማሽኑ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው። አየሩ እንደ ስሙ ጤና ይሁን አይሁን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጆሮው ግን ከታመመ ቆይቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ለድምፅም ልክ እንዲወጣለት ያዝዛል። አዋጁን ጫማ መደብሩ በር ላይ ቆሞ ማንበብ ይቻል እንደሆን እንጃ፤ ማዳመጥ ግን አይቻልም።

ይህ ሁሉ ጩኸት ውጭ ነው ብዬ ደረጃውን ስወጣ ለካ ፎቅ ላይ ወንድሙ ይጠብቀኛል። ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች የእንግሊዝ ኳስ ያሳያሉ፤ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ምስጋና ይግባቸው። ቁርጥ የሚበላ አለ፣ ልደት የሚያከብር አለ፣ የሆነ የመኪና ሽያጭ የሚያስማማ ደላላ ከኋላዬ ተቀምጧል። መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ «እጃችሁ የታል አየር ጤና?! አልሰማሁም!» ይላል። እጅ የሚሰማበት አገር! ከዚያ የልጅቷን ስም ጠራና እንዲህ ብሎ አስተዋወቃት፦ «ትንሽ ታፍራለች፤ እስቲ አንድ ጊዜ አይዞሽ በሏት!» ቤቱ በአንድ አፍ «አይዞሽ!» አለ።

ወጣች። ቀጭን ናት፣ ሹራቧ ከእጇ ይረዝማል። ወንበሩን ከመብራቱ ትንሽ ገፋ አደረገችው። አላየችንም፤ ዓይኗ የጊታሩ አንገት ላይ ነበር። ስትጀምር ምንም አልተሰማም፤ ድምፅ ተቆጣጣሪው ጨመረ፣ ማጉያው ሲጥ አለ፣ ሰው ጆሮውን ያዘ፣ እሷ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት እንግዲህ።

ሁለተኛው ዘፈኗ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ተከራይታ ስለኖረችባቸው ቤቶች ነው። ከየቤቱ ስትለቅ ሳትመልሳቸው የቀሩ ቁልፎች መሳቢያዋ ውስጥ አሉ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ እያነሣች የከፈተውን በር፣ ከበሩ ጀርባ የነበረውን ሰው፣ የኪራይ ጭማሪ ይዘው የመጡበትን ወር ትቆጥራለች። ቤቶቹ አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ ቁልፉ ብቻ ቀርቷል። ዜማው አምባሰል ይመስልና ልትይዘው ስትል ወደማታውቀው ይሄድብሃል። ሠላሳ ዓመት ያህል ግጥም ሳነብና ሳስነብብ ኖሬአለሁ፤ ስለ አዲስ አበባ ኪራይ ይህን ያህል በጥቂት ቃል የተባለ ብዙ አልገጠመኝም። ስትዘፍን የምትናገረው ለእኛ አይመስልም፣ ለቁልፎቹ ነው። እኛ በር ላይ ቆመን ሳታውቅ እንደምንሰማት ነው።

ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ጎል ነው። እሷ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ለእሷ መስሏት።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ወደ መድረኩ ሄደ፣ ሁለት መቶ ብር ዘርግቶ ግንባሯ ላይ ለጠፈው። ብሩ አልያዘም፤ ተንሸራቶ ክሮቹ ላይ ወደቀ። ጊታሩ ቆመ። ልጅቷ ብሩን በሁለት ጣቷ ይዛ የት እንደምታደርገው ጨነቃት፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፣ ወደቀ፣ ጎንበስ ብላ ስታነሣው ማይክሮፎኑን በግንባሯ መታችው። ድው! «አይዞሽ!» አለ ቤቱ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ!» አለ ደላላው። ዘፈኑን አልጨረሰችውም። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያንን ሰውዬ ልወቅሰው አልፈልግም። አዳራሹ ውስጥ በእርግጥ ሲያዳምጥ የነበረ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ነበር፣ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ዓይኑን በመዳፉ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ልቡ ሲነካ የሚያደርገውን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተማርነው፦ ተነሥቶ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ። አዘነ፣ ለጠፈ። ደስ አለው፣ ለጠፈ። ጠቡ ከሰውየው ጋር አይደለም።

ጠቤ አንድን ልማድ ለሁሉም ሙያ ልክ አድርገን መስፋታችን ላይ ነው። ሽልማት የአዝማሪው ነው፣ ለአዝማሪውም ይገባዋል። አዝማሪ ፊትህን አይቶ ግጥም የሚያወጣ፣ «ተቀበል» ሲሉት የሚቀበል፣ የለበስከውን ኮት ከእነ ቁልፉ የሚያሞግስ፣ ካልሸለምከው ደግሞ በዚያው ማሲንቆ የሚሸነቁጥህ ባለሙያ ነው። ድፍረት የሙያው መሣሪያ ነው፤ እንደ ደጋኑ። ለዘመናት ስሙን ስድብ አድርገን፣ «አዝማሪ» እያልን ልጆቻችንን ከሙዚቃ እያስፈራራን፣ በዚያው አፋችን አዘፍነነዋል። በዚያ ንቀት መሀል ቆሞ ለመኖር ደፋር ከመሆን በቀር ምን ምርጫ ነበረው? በሽልማቱና በዘፈኑ መካከል ውል አለ፤ ብሩ ሲመጣ ዘፈኑ ይጋጋላል እንጂ አይቋረጥም። ቁልፎቿን የምትቆጥር ልጅ ግን ከእኛ ጋር እንዲህ ያለ ውል የላትም። የእሷ ዘፈን ቤቷ ተጽፎ አልቆ የመጣ ነው፤ እንደ ደብዳቤ። ደብዳቤ እየተነበበ ሳለ ወረቀቱ ላይ ብር አይለጠፍም።

«ታዲያ ይሄ የፈረንጅ ወግ ነው፤ ጸጥ ብሎ መስማት የእኛ አይደለም» የሚል ወዳጅ አለኝ። እስቲ በገናን እንጠይቀው። ዐሥር አውታር አለው፣ ድምፁ እንደ ንብ ዝግ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ቤት ውስጥ ይደረደራል። ደርዳሪው ዓይኑን ይጨፍናል ወይም ያቀረቅራል። በገና ደርዳሪ ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ ያየ ሰው እጁን ያውጣ! ሲደረድር እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ «እጃችሁ የታል» የለ። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ገና በልጅነታቸው የተማሩትን ይህን መሣሪያ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ፤ የሃይማኖት ነው ተብሎ። መሣሪያው ከዚያ ሁሉ ተርፎ ዛሬም የሚሰማው ጮክ ብሎ አይደለም። እና ጸጥ ብሎ መስማትን ከፈረንጅ መበደር አያስፈልገንም። ቤታችን አለ፤ ለጾም ብለን ቆልፈንበታል እንጂ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። ፒያኖአቸውን ዓለም የሰማው ዘግይቶ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮጲክስ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ከወጣ በኋላ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። በዓመቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ለራሳቸው በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች ታተሙ። ለካ ይዘፍኑም ኖሯል! በአማርኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት። ያ ድምፅ በዚያን ጊዜ አንድ የሆቴል መድረክ ላይ ቢወጣ ምን እንደምንለው ታውቁታላችሁ።

አገሩ ለዝምተኛ ያለው አስተያየት ከተረቱ ይጀምራል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል»። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም»። «ዝምታ ለበግም አልበጃት»። ዝም ላለ ሰው የሚቆም ተረት ፍለጋ ብዙ ደከምኩ፤ ካገኘኋቸው አብዛኞቹ ዝምታን የሚያመሰግኑት ሌላው እንዲናገር ነው። ሴት ልጅ ላይ ስንመጣ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። «ዓይነ አፋር»፣ «አንገቷን የደፋች» ብለን ለትዳር እናሞግሳታለን። አንገቷን ደፍታ ቡና ስታፈላ ጨዋ ነች፤ ያንኑ አንገት ደፍታ ስትዘፍን ታማሚ ሆና «አይዞሽ» ይታዘዝላታል። ዓይነ አፋርነቷን የምንወደው ዝም እስካለች ድረስ ነው ማለት ነው። የምትናገረው ነገር እንዳላት ስናውቅ «ትድፈር» እንላለን፤ ደፈር ስትል ደግሞ «ምን ዓይነት ደፋር ናት!» እንላለን። እንግዲህ በየትኛው በር ትግባ?

«ካፈረች ለምን ወጣች?» የሚለውን ጥያቄ በዚያው ማታ ሰምቼዋለሁ፤ የጠየቀው ደላላው ነው፣ በቅን ልቦና። መልሱ ረጅም አይደለም። የሚያፍር ሰው የሚለው የለውም ያለው ማነው? እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያሳፈረው የሚለው ነገር መብዛቱ፣ ወይም እውነት መሆኑ ነው። ቡና ላይ ሊለው ያልቻለውን ዘፈን አድርጎት መጣ። ጊታሩ ጋሻው ነው። አንተ ጋሻውን ካልጣልክ አልሰማህም ትለዋለህ።

ይህን በሽታ ከአዳራሽ በፊት ያየሁት ክፍል ውስጥ ነው። በማስተማር የመጨረሻ ዓመታቴ «ፕረዘንቴሽን» የሚባል ነገር ከላይ ወረደልን። ተማሪው ግጥም ጽፎ ይመጣል፤ ለግጥሙ የተወሰነ ማርክ፣ ለአቀራረቡ የተወሰነ ማርክ። ቅጹ ላይ «የዓይን ግንኙነት» የሚል ሳጥን ነበረው፤ ከአምስት ይታረማል። አንድ ልጅ ነበር፤ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ስሙ ሲጠራ እንኳ «አለሁ» የሚለው ለጎረቤቱ ነው። ሰሙን ስትገፋው ወርቁ እጅህ ላይ የሚቀር ግጥም ይጽፍ ነበር። ማርኩ በአምስት ሳጥን ተበላ። እጁን እያወናጨፈ የፖስት ካርድ ስንኝ ያነበነበው ግን ሙሉ አገኘ። በስብሰባ ተቃወምኩ፤ ግጥም በዓይን ግንኙነት አይታረምም አልኩ። ስብሰባውም እንደ ወጉ ጮክ ብለው በተናገሩት ተዘጋ። ከእነዚያ ክፍሎች የወጡ ሰዎች ናቸው ዛሬ አዳራሽ የሚያከራዩት፣ ዝግጅት የሚመሩት፣ የሬዲዮ ሰዓት የሚሸጡት።

ስለ ማይክሮፎን አንድ ነገር ልበል፤ ከርዕሱ የወጣሁ ቢመስልም አልወጣሁም። እ.ኤ.አ. በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ እስኪመጣ ድረስ ዘፋኝ ማለት ደረቱ ሰፊ፣ ጉሮሮው ቀንድ የሆነ ሰው ነበር፤ ሸክላው ላይ ድምፅ ለማስቀረት መቅጃው ቀንድ ውስጥ መጮህ ግድ ነበር። ማይክሮፎን ሲመጣ ነው በሹክሹክታ መዝፈን የተቻለው፤ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው። መሣሪያው ለዝግተኛው ሰው የቆመ ጠበቃ ነው ማለት ይቻላል። ብራዚላዊው ዡዋዎ ዢልቤርቶ በዚህ ጥበብ አንድ ወንበር፣ አንድ ጊታርና እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ይዞ የዓለምን አዳራሾች ጸጥ አሰኝቷል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ጉርምርምታ እንኳ ሲረብሸው ይቆጣ ነበር፣ ሰውም እየተጋፋ ገብቶ ይሰማው ነበር። እኛ ግን ጠበቃውን ይዘን ለከሳሹ አስረከብነው፤ ድሮም የሚጮኸው ጨርሶ እንዲጮህበት።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሙታኖቻችን።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው»ን ይዛ መጣች። በዚያው ዘመን ኢዮብ መኰንን «እንደ ቃል»ን አመጣ። ከእነሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ዘሪቱ ከበደ በስሟ በሰየመችው አልበም ገብታ ነበር። የሦስቱንም ሥራ ስንሰማ አንድ የሚያመሳስል ነገር አለ፦ ድምፁ አይታገለንም። ሊያሳምነን አይጮህም። ሙዚቃው ከድምፁ ፊት ዞር ብሎ ይቆማል፤ ሰው ሲናገር በጨዋ ቤት ሌላው ዝም እንደሚለው። ከሦስቱም ጀርባ አንድ ሰው ነበር፣ ኤልያስ መልካ። በያሬድ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ፣ ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ፣ ዕድሜውን ስቱዲዮ ውስጥ የጨረሰ። ስቱዲዮውን ምን ብሎ ሰየመው? «በገና»። ስም ሲያወጣ የዋለ ሰው አይመስለኝም፤ ሲሠራ የነበረውን ነው የጻፈው። ዓይነ አፋር ድምፅ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ከበሮውን የት ላይ ዝቅ ማድረግ እንደሚገባ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ትንፋሹም እንዲሰማ መተው እንዳለበት ያውቅ ነበር። ደፋር እንዲሆኑ አልጠየቃቸውም፤ እነሱን የሚችል ክፍል ሠራላቸው።

ኢዮብ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በተወሰደበት ናይሮቢ አረፈ። ሚካያ በ2006 ዓ.ም. ተከተለችው። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም.። ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሬዲዮው ሁሉ ኢዮብን ከጧት እስከ ማታ ለቀቀ። «ዝምተኛ ነበር፣ ትሑት ነበር፣ ጩኸት አይወድም ነበር» ተባለ፤ ጩኸት ባለው ፕሮግራም ላይ። የሚካያን አንድ አልበም ያልገዛ ሰው ስለ ሁለተኛው አልበሟ አለቀሰ። የሞተ ዝምተኛ ይመቸናል። አያፍርም፣ አይንተባተብም፣ ማጉያው ሲጥ አይልበትም፤ ፎቶው ሁልጊዜ ካሜራ ያያል። በሕይወት ያለው ዝምተኛ ግን ሥራ ይጠይቀናል፦ ዝም ማለት።

ይህ የእኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ መጽናኛ ከሆነ። እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክ ሦስት አልበም ሠርቶ በ26 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። መድረክ ላይ ሲወጣ በየዘፈኑ መሀል ጊታሩን ሲቃኝ ብዙ ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ ሰዉም በመጠጡና በወሬው ይቀጥላል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ መድረኩን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ አንድ የፎልክስዋገን መኪና ማስታወቂያ አንዱን ዘፈኑን አጀበበትና በሕይወቱ ሳለ ያልተሸጠውን ያህል አልበም በጥቂት ወራት ተሸጠለት። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመኪና! እንግሊዞቹ ቢያንስ ያልሰሙት ሰው አንድ እንደነበረ አሁን ጽፈው ይወቃቀሳሉ። እኛ ወቀሳውንም በሙት ዓመት መታሰቢያ ዝግጅት ተክተነዋል፤ በመድረክ መሪ።

የሆቴል ባለቤቶችን መልስ አውቀዋለሁ። «ገበያ ነው ጋሼ። ሰው ሊዝናና ነው የሚመጣው።» ይምጣ፤ ማን ከለከለው? እኔም እስክስታ አይጠላብኝም፤ ትከሻዬን ተዉት እንጂ። የሚያጨበጭብበት፣ የሚሸልምበት፣ ኳስ የሚያይበት ቤት በአየር ጤና ብቻ ስንት እንዳለ ቆጥሬ አልጨረስኩም። የምጠይቀው በሳምንት አንድ ማታ፣ አንድ ክፍል ነው። ቀድሞ መሀል ከተማ ውስጥ ጥቂት ነበሩን፦ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ከሆቴሉ ጋር ተቃጠለ። የአዝማሪ ቤትን ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው የመላኩ በላይ ፈንዲቃም፣ ካዛንቺስ ሲነሣ ከነበረበት ተነሣ። የውጭ አገር የባህል ተቋማት አዳራሾች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን እንግዳ ሲስተናገድ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ከዚያም የአየር ጤና ልጅ ፒያሳ ሄዳ ዘፍና ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ጊታር ተሸክማ በምን ትመለሳለች? የኮንትራት ታክሲው ከተከፈላት ይበልጣል። ስለዚህ እዚሁ ሰፈሯ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ ቁርጥ ቤት ውስጥ ትዘፍናለች፤ ተማሪዎቿም ጎረቤቶቿም እዚያ ናቸው። ሰፈሩ ሊሰማት ካልቻለ ማን ሊሰማት ነው?

ደግሞ ብዙ ወጪ ያለበት ነገር አይደለም። ለአንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ኳሱ ያን ሰዓት ታች ባለው ቤት ይታይ። መድረክ መሪው ስሟን ይጥራና ይቀመጥ፤ ማፈሯን እሱ ሳይነግረን እናየዋለን። ወንበሩን ከመብራት ካሸሸችው ትሽሽ፤ እኛ የመጣነው ልንሰማ ነው። አስተናጋጆቹ በዘፈንና በዘፈን መካከል ይዘዙ። ቁርጡ ይቆይ፤ ጥሬ ነው፣ አይበርድም። መሸለም የፈለገ ደግሞ፣ እንደዚያ ዓይኑን የጠረገው ሰውዬ፣ ልቡ እንዳይታፈን በሩ ላይ ሣጥን ይቀመጥለትና ሲወጣ ሁለት መቶውን ያግባበት። ሣጥኑ ላይ ግን እባካችሁ የባንክ ማስታወቂያ አትለጥፉ።